ዘመድ አይናደፍም

ልብስ ሰፊዋ ከመርፌና ከክር የተረፋትን ጊዜ ሁሉ የምታጠፋው ሳሎኗ ውስጥ ያሉትን አራት ጠበኞች በመገላገል ነበር። ጠበኞቹ አኔሞኒዎች ናቸው። አኔሞኒ ለዓይን አበባ ይምሰል እንጂ ሥጋ በል የባሕር እንስሳ ነው፤ ጣቶቹ እንደ ሳማ ይለበልባሉ። ዘሩ ያልሆነ አኔሞኒ ከተጠጋውማ እስከ ሞት ይናደፋል። ስለዚህ ጨው ውሃ በሞላው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ለየራሳቸው ድንጋይ ሰጥታ፣ አራርቃ ታኖራቸዋለች።

ዛሬ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ሊፍት ጠጋኙ ታናሽ ወንድሟ «ገንዳዬ ተሰነጠቀ» ብሎ አኔሞኒውን በባልዲ ይዞ ከች አለ።

«እታለም፣ የት ላስቀምጠው አልልሽም። ከእህቱ ጎን ነዋ!»

እህቱ ያላት ጫፏ ወይን ጠጅ የሆነችውን አረንጓዴዋን ነው። አባታቸው በሕይወት ሳሉ የነበራቸው አንድ አኔሞኒ፣ አንድ ቀን ራሱን ከመሀል ተርትሮ ሁለት ሆነ። ሽማግሌው ተደንቀው አንዱን ለሴት ልጃቸው፣ አንዱን ለወንድ ልጃቸው ሰጡ። «አንድ ሥጋ ናቸው፤ መቼም ይገናኙ መቼ አይናደፉም» ብለው ነበር።

ለእሷ የደረሳት ግን ሞቷል። አባቷ ካረፉ በኋላ የውሃ ማሞቂያው ተበላሽቶ ቀቀለው። ቁርጥ እሱን የመሰለ ሁለቱም ደንበኛው ከሆኑት የጌጥ ዓሣ ሻጭ ገዛችና ትንፍሽ ሳትል ኖረች። ወንድሜ አደራ በላ ይለኛል ብላ ነው የፈራችው። አሁን ምላስ የሌለው እንስሳ ገበናዋን ሊያወጣ ነው።

«ትንሽ ራቅ ብናደርገውስ?» አለች።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ!» አለና እንስሳውን ከገንዳው ውሃ ጋር ቀስ በቀስ አለማምዶ፣ ከነድንጋዩ ከአረንጓዴዋ አጠገብ አስቀመጠው።

ሁለቱም አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያዩ ጀመር። እንግዳው ተኮማትሮ ቆየና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። አንዱ ጣት ጎረቤቱን ነካ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ስትገልጥ ጣቶቹ ተጠላልፈዋል። መኮማተር የለ፣ መሸሽ የለ። ፍርሃቷን ረስታ ግራ ገባት። ከገበያ የመጣ ባዳ እንዴት የአባቷ አኔሞኒ ዘመድ ይሆናል? መብራቱን ጨመረች፤ በዚህም በዚያም ዞራ አየች፤ ያው ተቃቅፈዋል።

«አይሆንም!» አመለጣት።

«ለምን አይሆንም?» አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ከገንዳው ሳያነሳ።

«የአባባ ሞቶብኛል። ይሄ የተገዛ ነው።»

«አውቃለሁ። ‹እህትህ ጫፉ ወይን ጠጅ የሆነ አረንጓዴ ካላመጣህ ብላ እያለቀሰች ነው› ብሎ ዓሣ ሻጩ ደወለልኝ። የእኔው ያን ሰሞን ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አንዱን ወስጄ ሰጠሁት።»

ልብስ ሰፊዋ እርጥብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንባዋ መጣ፣ ሳቅም አብሮት።

«ቆይ፣ ገንዳህ እውነት ተሰንጥቋል?»

«ምን ላድርግ?» አለ ወንድሟ። «እስክትነግሪኝ ብጠብቅ ልናረጅ ነው።»