ከደረቀው ባሕር ዛፍ ሥር

ኖሪን ጉልበቷን ያማታል፤ ግን ለማን ትናገረዋለች? ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በዚህ ወር ብቻ አሥራ አንድ ምሽት በአሥራ አንድ የደረቀ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጣ አንጋጣለች። ያተረፈችው አልቅትና የአንገት ሕመም ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። ሰኞ ጠዋት ዛፍ ቆራጮቹ እዚህ ሸለቆ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢያለቅሱ ምን ዋጋ አለው!

የምትፈልጋት ፖሰም የምትባል የዛፍ ላይ እንስሳ ነች፤ ጭራዋን ሳይጨምር ከስንዝር አትበልጥም። የግራር ሙጫ እየላሰች ነው የምትኖረው፤ ከእነዚህ ተራሮች ወዲያም እምብዛም አትገኝም። ቀን ቀን ከቤተሰቧ ጋር የተቦረቦረ ግንድ ውስጥ ተጠቅልላ ትተኛለች። እንዲህ ያለው ግንድ ደግሞ በዋዛ አይገኝም፤ ባሕር ዛፍ ውስጡ እስኪቦረቦር መቶ ሃምሳ ዓመት ይፈልጋል። ደንቡ አንድ ነው፤ አንዲት እንኳ ከታየች በዛፉ ዙሪያ ሁለት መቶ ሜትር ማንም አይቆርጥም።

የዛሬው ግንድ በሁለት በኩል ሽንቁር ስላለው ሁለት ተመልካች ይፈልጋል። ጓደኛዋ ቫል ታመመችባት። ኖሪን ቆርጣ ተነስታለችና ልጇን ክሬግን ይዛ መጣች። ክሬግ የዛፍ መቁረጫው ማሽን ሹፌር ነው፤ ሰኞ እዚህ የሚገባው እሱ ራሱ ነው። ቫል በስልክ ሰምታ ሥጋ ለጅብ አደራ ትሰጫለሽ ወይ ብላ ስቃባታለች።

እሱም መኪና ውስጥ ሲያሾፍባት ነበር። «እማዬ፣ ለአይጥ ብለሽ ልጅሽን ሥራ ልታስፈቺው ነው?»

«አይጥ አይደለችም። ደግሞ ያየኸውን ትጽፋለህ፣ ያላየኸውን አትጽፍም። ሌላ ነገር አልጠየቅሁህም።»

ፀሐይ ስትገባ እሱ በወዲያ፣ እሷ በወዲህ ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ማውራት የለም፤ ዓይንን ከሽንቁሩ መንቀል የለም።

ሰማዩ ሊጠቁር ሲል ከኖሪን በኩል አንዲት ትንሽ ጥላ ብቅ አለች። ልቧ ዘለለ። ጥላዋ ቅርንጫፉ ጫፍ ድረስ ሮጠች። ዝለይ እንጂ እንዳትንሳፈፊ፣ እባክሽ፣ አለች በሆዷ። እሷ ግን የጎኗን ቆዳ ዘርግታ እንደ መሐረብ ተንሳፈፈች። የኖሪን ፖሰም እንዲህ ያለ ቆዳ የላትም፤ ይቺ በመልክ የምትመስላት ሌላ ነች። ኖሪን ማልቀስ አማራት።

የመመዝገቢያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አደረገች። ማን አየ? የምፈልጋት ነች ብላ ብትጽፍ ሸለቆው ይተርፋል። እርሳሱን ይዛ ቆየች። በሐሰት አልጀመርኩትም፣ በሐሰትም አልጨርሰውም አለችና «ተንሳፋፊ፣ አንድ» ብላ ጻፈች።

ሰዓቱ ሲሞላ ክሬግ ዞሮ መጣ። ወረቀቷን ተቀብሎ በባትሪ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«ልትዋሺ ትችይ ነበር» አላት።

«አዎ፣ እችል ነበር።»

የራሱን ወረቀት አወጣ። ምንም አልተጻፈበትም። ኖሪን ከነወንበሯ መሬት ብትውጣት በወደደች።

«እኔ ግን ልዋሽ ነበር፣ እማዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስት ናቸው። ጭራቸው ወደ ጫፉ ይወፍራል። አልተንሳፈፉም፤ እየዘለሉ ወደ ግራሩ ወረዱ።»

እልል የምትል መስሏት ነበር፤ ግን ቀና ብላ ልጇን አየችው። የቤቱን ዕዳ ታውቃለች፤ የሁለት ልጆች አባት መሆኑንም ታውቃለች።

«ሰኞስ?» አለችው።

«ሰኞ ለአለቃዬ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ልትተውለት ትችል ነበር። አልተወችለትም። እርሳሷን ዘረጋችለት።

«እንግዲያው በራስህ እጅ ጻፈው። ስምህንም ከሥሩ።»

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ እሷም ባትሪውን ያዘችለት።