የፊት ጎማ

በሜይ ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ነገሩ እንዲህ ነበር። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ባለ ሃያ አራት ፎቅ ሕንጻ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ አሥራ አራት ሴቶች በአሥራ አራት አሮጌ ብስክሌቶች ይዞራሉ። ስምንቱ ከኤፕሪል በፊት ብስክሌት ላይ ወጥተው አያውቁም። አሥራ አንዱ ሳይወድቁ መቆም ይችላሉ። ሁለቱ ወደ ግራ እንጂ ወደ ቀኝ መታጠፍ ስለማይሆንላቸው ሌሎቹም ለእነሱ ሲሉ ወደ ግራ ብቻ ይዞራሉ። ከማቆሚያው አልፋ መንገድ የወጣች አንዲት የለችም። ባለፈው ኦክቶበር ጄራርድ ጎዳና ላይ የቆመ መኪና በር ድንገት ተከፍቶ ጓደኛቸውን ፅዮንን ከጣላትና የትከሻዋ አጥንት ከተሰበረ ወዲህ ማንም አልደፈረም።

ይህን ሁሉ በደብተሯ የመዘገበችው እሌኒ ናት። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የደም ናሙና ስትመረምር ስለምትውል፣ ያልተጻፈን ነገር እንዳልተደረገ ትቆጥረዋለች። ሴቶቹን አስተባብራ ያስተማረችውም እሷ ናት። አሁን የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ መኪና የሌለበት መንገድ።

መንገዱንም አገኘችው። ከቶሮንቶ በባቡር ተሂዶ ናያግራ ፎልስ ጣቢያ ይወረዳል። ከዚያ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ፣ ከመኪናው መንገድ በሣር ተለይቶ፣ ወንዙን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወርዳል። ስምንት ኪሎ ሜትር በገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ቀጥሎ ኩዊንስተን ላይ አንድ ትልቅ ቁልቁለት አለ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ዳር ከተማ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሜዳ ነው፤ በአንድ በኩል ወንዝ፣ በሌላው በኩል የወይን እርሻ። እሌኒ ብቻዋን ሁለት ጊዜ ሄዳ ለካችው። የሴቶቹን አቅም አስልታ፣ ደርሶ መልሱን አርባ አራት ኪሎ ሜትር በአራት ሰዓት ተኩል እንደሚጨርሱት፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያው የማታ ባቡርም አንድ ሰዓት እንደሚተርፋቸው ጻፈች።

ሴቶቹ የሚያመልኩባት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ወረቀቱን አዩት። ሴቶቹ ያለ ሽማግሌዎቹ ፈቃድ ንቅንቅ እንደማይሉ እሌኒ ታውቃለች። ሰብሳቢው አቶ ዳዊት፣ «ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ግን ከእኛ አንድ ሰው ሄዶ በዓይኑ ይይ። በባቡሩ ሰዓት ከተመለሳችሁ እንፈቅዳለን» አሉ። የተመረጡት ጋሽ ወልደገብርኤል ነበሩ፤ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ የቀድሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር።

በጁን ሁለተኛው ቅዳሜ ሦስት ሆነው ተነሡ፤ እሌኒ፣ ከአሥራ አራቱ አንዷ የሆነችው ጓደኛዋ ትርፌና ጋሽ ወልደገብርኤል። የጋሼ ብስክሌት አራት ዓመት ሙሉ ከሕንጻቸው ምድር ቤት ያልወጣ ነው። እሌኒ ለእያንዳንዱ ብስክሌት የምታያቸው አሥራ አንድ ነገሮች አሏት። ቶሮንቶ ጣቢያ ላይ መፍቻዋን ይዛ ተጠጋች።

«ጋሼ፣ አንዴ ልየው?»

«ምኑን?»

«ፍሬኑን፣ ካቴናውን . . .»

«ልጄ፣ እኔ ባህር ዳርን በብስክሌት ስዞር አንቺ ገና አልተወለድሽም» አሉና መሪውን ጭብጥ አደረጉ።

ትርፌ ሳቋን ዋጠች። እሌኒ መፍቻውን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ታላቅ ሰው ከያዘው ላይ ነጥቆ አይመረመርም።

ናያግራ ፎልስ ወርደው መንገድ ሲጀምሩ ጋሼ ከፊት ሆኑ፤ ማንም ሳይነግራቸው ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ተከተሉ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ልክ ነበር። ስምንቱን ኪሎ ሜትር በሠላሳ አምስት ደቂቃ ጨረሱት። ቁልቁለቱን ጋሼ ፍሬናቸውን ከላይ እስከ ታች እንደጨበጡ፣ በጥንቃቄ ወረዱት። እሌኒ «ጥሩ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ነው ነገር የተበላሸው።

ሜዳው ላይ ጋሼ ቀስ አሉ። አህያ እንኳ ከዚያ ይፈጥናል። መንገዱ ባዶ ነው፤ የወይኑ ረድፍ እንደ ተሰመረ ደብተር ይዘረጋል፤ ነፋስ የለም፤ ዳገት የለም። እሌኒ ሰዓቷን አየች፤ አንድ ኪሎ ሜትር በስምንት ደቂቃ። ቀጣዩም በስምንት። ብስክሌቷ እየተንገዳገደ እግሯን መሬት እስከማስነካት ደረሰች።

«ቅደሚያቸውና ፍጥነት አሳዪያቸው» አለች ትርፌ በሹክሹክታ።

«አንቺ ለምን አትቀድሚያቸውም?»

«የእኔንማ ሰርግ የመረቁ ሰው ናቸው። እንዴት አድርጌ ነው ጀርባዬን የምሰጣቸው?»

እሌኒም አልቀደመቻቸውም። መንገዱ ለሁለት የሚበቃ ነበር፤ ደወልም ነበራት። ግን ጋሼን ደወል አቃጭሎ ማለፍ፣ ከጓሮ እንዳመለጠ በግ አባርሮ እንደ ማለፍ መሰላት። ጥርሷን ነክሳ ተከተለች።

ጋሼ ደግሞ ይቆማሉ። ወንዙን ለማየት ይቆማሉ። ውሻ የያዘ ሰው ሰላም ለማለት ይቆማሉ። ከአንድ ወይን ጠማቂ ቤት በር ላይ አንዲት ወጣት በትንንሽ ብርጭቆ ስታቀምስ አዩና ቆሙ።

«ምንድን ነው የያዘችው?»

«ጭማቂ ነው ጋሼ» አለች ትርፌ።

«ትርፌ፣ ጸሎት መሪ አድርገንሻል እኮ።»

«የቆየ ጭማቂ ነው።»

ጋሼ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ግንባራቸው ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። እሌኒ ላቡን አየችና «እድሜ» ብላ ጻፈች። ቀጥላም «ወሬ» ብላ ጨመረች።

አንድ ሰዓት ከሩብ የመደበችለት ሜዳ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ፈጀ። ምሳ የተበላው በሩብ ሰዓት ነው፤ ጋሼ ዳቦውን እያኘኩ ተነሡ፣ አንዴም አላማረሩም። መልሱ ያው ነበር። ወይኑ በሌላው ጎን ሆነ እንጂ ጀርባቸው ያው ጀርባ፣ ስምንት ደቂቃው ያው ስምንት ደቂቃ። እሌኒ «ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉ» ማለት ባማራት ቁጥር ሰዓቷን ታያለች። ቶሮንቶ የቀሩት አሥራ ሦስቱ ሴቶች ትዝ ይሏታል፤ ትናንት ማታ አንዷ ደውላ፣ «ወደ ቀኝ መታጠፍ ቻልኩ» ብላት ነበር።

የዳገቱ ሥር ሲደርሱ ለባቡሩ ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል። ወርደው መግፋት ጀመሩ። ጋሼ አሥር እርምጃ ገፍተው ቆሙ፤ አሥር ገፍተው ቆሙ። እሌኒ የራሷን ለትርፌ ሰጠችና፣ «አምጡት ጋሼ፣ እኔ ልግፋልዎት» ብላ ተቀበለቻቸው። ይህን ማድረግ ነውር የለውም፤ እንዲያውም አለማድረጉ ነው ነውሩ።

ገፋችው። አልሄደም። አጥብቃ ገፋችው፤ የፊት ጎማው እየተጎተተ እንደ ግትር ፍየል ተከተላት። ከፊት አነሣችውና በእጇ አሽከረከረችው። ግማሽ ዙር ሄዶ ቀጥ አለ።

ጎንበስ ብላ አየች። የፊት ፍሬን ሽቦው ዝጓል፤ ቁልቁለቱ ላይ እንደተጨበጠ ሳይለቅ ቀርቷል። የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ነክሶ፣ ዙሪያውን ጥቁር አድርጎታል። በጣቷ ስትነካው አቃጠላት። ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ሙሉ ከፊታቸው የነበረው ይህ ነው። ከፊት ሆና አንዴ ዘወር ብትል ታየው ነበር። ከኋላ የሚታየው የኋላ ጎማ ብቻ ነው።

«ጋሼ . . . ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ከቁልቁለቱ ጀምሮ ከብዶኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰዓትሽን ደጋግመሽ ስታዪ አይሻለሁ። ደግሞ ላስቆምሽ?»

እሌኒ መጮህ አማራት። የጮኸችው ግን መፍቻውን ፍለጋ ቦርሳዋን ስትበረብር በቦርሳው ላይ ነው። ፍሬኑን ለማላቀቅ አራት ደቂቃ በቃት። ዳገቱን ጨርሰው ሲወጡ ጋሼ ብስክሌቱ ላይ ወጡና፣ «ኧረ ይሄማ ቀላል ነገር ነው!» ብለው ተፈተለኩ። አሁን ደግሞ ሁለቱ ሴቶች ሊደርሱባቸው አልቻሉም። የመጨረሻውን ስምንት ኪሎ ሜትር በሠላሳ ደቂቃ በረሩት።

ባቡሩ ከሄደ ዘጠኝ ደቂቃ ሆኖታል።

የሚቀጥለውን ሲጠብቁ ጋሼ አግዳሚው ላይ ጠጋ አሏት። «እሌኒዬ፣ የፍሬኑን ነገር ለሽማግሌዎቹ ባታነሺው። ዓመት ሙሉ መሳቂያ ነው የምሆነው።»

እሌኒ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤት ባለው ክፍል ተሰበሰቡ። ጋሽ ወልደገብርኤል ተነሥተው መንገዱ መልካም መሆኑን፣ መኪና እንደሌለበት፣ ሰዉ ሰላምተኛ መሆኑን ተናገሩ። «ብቻ ይረዝማል። ባቡሩ አመለጠን» ብለው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ከጠረጴዛው አላነሡም።

«እሌኒ፣ የምትጨምሪው አለ?» አሉ አቶ ዳዊት።

ዝም ብትል መንገዱ በሐሰት ይወቀሳል። ብትናገር ሰውዬው ያፍራሉ። ለላቦራቶሪ ሰው የተበላሸ መሣሪያ የሰጠው ውጤት ውጤት አይደለም። ደብተሯን ከፈተች።

«መንገዱ አይረዝምም። የጋሼ የፊት ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ ነክሶ ቀርቶ ነበር። ከመላቀቁ በፊት በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ከተላቀቀ በኋላ አሥራ ስድስት ሄደናል። ሳልመረምረው መነሣቴ የእኔ ጥፋት ነው።»

ማንም አልሳቀም። እሷ የፈራችው ሳቁን ነበር፤ የመጣው ሌላ ነው።

«እንግዲያው ቁልቁለቱ ነው አደገኛው» አሉ አቶ ዳዊት በእርጋታ። «በብስክሌት ያረጁት ጋሼ ፍሬን ከነከሰባቸው፣ ትናንት የተማሩት ሴቶች ምን ሊሆኑ ነው?»

«አቶ ዳዊት፣ የሴቶቹ ብስክሌት ተመርምሯል፤ አንድ በአንድ፣ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ነገር —»

«የጋሼን ለምን አልመረመርሽም ታዲያ?»

እሌኒ ጋሼን አየቻቸው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እሷን ለማገዝ ብለው፣ «ጨርሶ ከመከልከልማ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ይሂዱና ይመለሱ» አሉ። ሁሉም እጁን አወጣ። የወይኑ እርሻ ከቁልቁለቱ በታች እንደሚጀምር ተናገረች፤ አቶ ዳዊት ወይኑ ቢቀርም ግድ እንደሌለው ነገሯት፤ ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ።

በጁላይ የመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አራቱም ሴቶች ሄዱ። ማንም አልወደቀም። ስምንት ኪሎ ሜትር ሄደው፣ አፋፉ ላይ ምሳ በልተው፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ተመለሱ። ምሳውን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ጣቢያው ላይ ባቡሩን ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ጠበቁ።