ዘበናይ ያነበበችው ዝብርቅርቅ

ዘበናይ ስርማ ጡረታ ከወጣች ስምንት ዓመቷ ነው። ወልቂጤ ውስጥ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች። ገበያ ካልወጣች በቀር በእናት ቋንቋዋ በቸሃ ጉራጊኛ የሚያናግራት የለም፤ የጎረቤት ልጆች እንኳ ሰላም የሚሏት በአማርኛ ነው።

አንድ ማክሰኞ የሟቹ የመምህር ሳህሌ ልጅ ትርሲት ከሐዋሳ መጣች። መምህሩ ዕድሜያቸውን በሙሉ የቸሃ ቃላት ሲሰበስቡ ነበር፤ በኮምፒውተር የጻፈችላቸው ዘበናይ ናት። እሳቸው ቃሉን ከነምሳሌው ይናገራሉ፣ እሷ በኪቦርዱ ትመታለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ከሰዓት ከሰዓት አብረው ሠርተዋል።

«እትዬ ዘበናይ፣ የአባዬ መዝገበ ቃላት ተበላሽቷል» አለች ትርሲት፣ ጽሑፉ ያለበትን ፍላሽ ከቦርሳዋ እያወጣች።

ተያይዘው ወደ ነስሩ ኮምፒውተር ቤት ሄዱ። ነስሩ ሲከፍተው ገጹን የሞላው የፈረንጅ ፊደል፣ የዶላር ምልክትና ኮፍያ የደፋ ኦ ነበር።

«ይኼማ የጅን ደብዳቤ ነው!» ነስሩ ሳቀ። «ቫይረስ በልቶታል። ፋቲሃ አድርጋችሁ ቅበሩት።»

ዘበናይ መነጽሯን አስተካክላ ተጠጋች። ከመምህሩ ጋር ስትሠራ አሮጌው ኮምፒውተር በየሳምንቱ ፊደሉን እየጣለ ያስቸግራት ስለነበር፣ ይህን ዝብርቅርቅ በደንብ ታውቀዋለች።

«አልተበላሸም» አለች። «ይኼ ‹ገ› ነው። ይኼኛው አናቱ ላይ ምልክት ያለው የጉራጊኛው ‹ገ› ነው። ያኔ ኮምፒውተር ውስጥ ለእነዚህ ፊደሎች የተሰጠ መለያ ቁጥር አልነበረም፤ ፎንቱን የሠራው ሰው በፈረንጁ ፊደል ቦታ ነው ያስቀመጠልን። የእሱ ፎንት ከማሽኑ ሲጠፋ ፈረንጁ ብቻ ቀረ።»

ነስሩ ሳቁን ተወ። «አሁን እኮ እያንዳንዱ ፊደል ዓለም የሚያውቀው የራሱ ቁጥር አለው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ እንጂ፣ መቀየሩን ለእኔ ይተዉት።»

ትርሲት ሐዋሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዘበናይ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ገጹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ቃሉን ድምፅ አውጥታ ትጠራና ትንሽ ዝም ትላለች፤ ድሮ በዚያች ዝምታ ውስጥ የመምህሩ ምሳሌ ይከተል ነበር።

አንድ ቀን እሷ የማትሳሳተው ስህተት የሞላበት ገጽ ላይ ደረሰች። ፊደል ተዘሏል፣ ቃል ተደግሟል። ቆይቶ ትዝ አላት፦ ታይፎይድ ጥሏት አሥራ አምስት ቀን የቀረች ጊዜ ነው። መምህሩ በአንድ ጣት ብቻቸውን መትተውታል። «ባዶ» ለሚለው ቃል የሰጡት ምሳሌ፣ «ዘበናይ ከቀረች ወዲህ ቤቱ ባዶ ነው» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ «ዛሬም በሩን ክፍት አድርጌ ጠበቅኋት።»

መምህሩ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ነበሩ፣ እሷም ባል አላገባችም። ያን ሁሉ ዓመት «እርስዎ» እንደተባባሉ ነው የተለያዩት።

«ምነው እትዬ፣ ፊደሉ ጠፋብዎት?» አለ ነስሩ።

«አይ። መምህሩ የተሳሳቱት ነው።»

«ልሰርዘው?»

«ተወው!» አለች፣ ድምፁ እሷንም እስኪያስደነግጣት። የተዘለለችውን ፊደል እንኳ ልታርም እጇን ሰንዝራ መለሰችው።

ሥራው ሲያልቅ መዝገበ ቃላቱ በአንድ ጊዜ ተቀይሮ ወደ ግዕዝ ፊደሉ ተመለሰ፤ ነስሩም ለትርሲት ላከላት። በሳምንቱ ትርሲት ደወለች።

«እትዬ፣ ስምሽ እኮ እዚህ ውስጥ አለ!»

«ምሳሌ ነዋ የኔ ልጅ። ቃል ያለ ምሳሌ ይሆናል?»

ትርሲት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ታውቂ ነበር?» አለቻት።

«በምን አውቄ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቆጮዋን አቅርባ፣ ሁለቴ ጎርሳ ተወችው። በማግስቱ በለመደችው ሰዓት ነስሩ ዘንድ ሄዳ፣ እንዲህ ያለ የማይነበብ ጽሑፍ የያዘ ሰው ከመጣ እንዲጠራት ነገረችው። ሰዎች መጡ፤ አንዱ የእድር ደንብ፣ ሌላው የአባቱን ኑዛዜ ይዞ። ለሁሉም አነበበችላቸው። አመስግነዋት ሲወጡ፣ የሚቀጥለው እስኪመጣ እዚያው ወንበሩ ላይ ትቆያለች።