የእነዩዶራ ቦይለር

በብሩክሊን ማኮን ጎዳና ላይ ያለው የእነዩዶራ ቤት ባለ አራት ፎቅ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ምድር ቤቱ ውስጥም በዕድሜ ከባለቤቶቹ የማያንስ፣ ውሃ አፍልቶ ቤቱን የሚያሞቅ ቦይለር ነበረው። ይህ ቦይለር ፍትሕ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያፈላው እንፋሎት በቱቦው ሽቅብ ይወጣና ላይኛውን ፎቅ ምድጃ ያደርገዋል፤ ታችኛውን ለይስሙላ ነካ አድርጎ ያልፈዋል። ስለዚህ ላይ የምትኖረው ዩዶራ በጥር ወር እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ፣ መስኮቶቿን ወለል አድርጋ ትቀመጣለች። ታች የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ሴልዊን ካፖርቱን ሳያወልቅ ሾርባውን ይጠጣል።

ሙቀት መጨመሪያና መቀነሻው ያለው ሴልዊን ኮሪደር ላይ ነው፤ እሱም በፕላስቲክ ሳጥን ቆልፎበታል። ሁለቱ በእናታቸው ቀብር ላይ የትኛው መዝሙር ይዘመር በሚል ተኳርፈው፣ ይኸው ስድስት ዓመት አብረው ገበታ ቀርበው አያውቁም። አልተነጋገሩም ግን አይባልም። ዩዶራ ሲሞቃት እንፋሎቱ የሚገባበትን የብረት ማሞቂያ፣ ራዲያተሩን፣ በማንኪያ ሁለቴ ትመታለች፤ ድምፁ በቱቦው ታች ይደርሳል፤ “ቀንስ!” ማለቷ ነው። ሴልዊን ከታች ሦስቴ ይመልሳል፤ “መስኮትሽን ዝጊ!” ማለቱ ነው።

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ሴልዊን ያለ ምንም ምክንያት ይመታዋል። ዩዶራ አልጋዋ ላይ እንዳለች “ይኸው ጀመረው! አያርፍም እኮ!” ብላ ትራገማለች። ከዚያ ደስ ብሏት ትነሳለች። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ከመታ በደህና አድሯል ማለት ነው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በጥቅምት ቦይለሩ ተሰነጠቀና ምድር ቤቱ በውሃ ተጥለቀለቀ። የሰፈሩን ግማሽ ቤት ማሞቂያ የቀየረችው ሳቪትሪ የምትባል የጉያና ልጅ መጥታ በባትሪ አየችው።

“አበቃለት” አለች። “ሂት ፓምፕ ነው የምናስገባው። ማሽኑ ከውጭ አየር ላይ ሙቀት እየሳበ ወደ ቤት ያስገባል።”

“ከውጭ?” አለ ሴልዊን። “ውጭ እኮ ብርድ ነው፣ ልጄ። የምን ሙቀት ነው የሚስበው?”

“ማቀዝቀዣዎ ከጀርባው አይሞቅም፣ ጋሼ ሴልዊን? ከውስጡ ቅዝቃዜ ሙቀት እየሳበ እኮ ነው። ይሄም እንደዚያው ነው። ራዲያተር የለ፣ ቱቦ የለ፤ እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ መቆጣጠሪያ ይኖረዋል። ከእንግዲህ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ቃል መተንፈስ እንኳ አያስፈልጋችሁም!”

ልጅቷ የምሥራች ያበሰረች መስሏት ፈገግ አለች።

ቤቱ በሁለቱም ስም ስለሆነ ሁለቱም መፈረም ነበረባቸው። ሴልዊን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሴልዊን ፈረመ። ዩዶራ ብዕሩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

“እትዬ ዩዶራ፣ ጣራ ላይ የሚቀመጠው የማሽኑ ክፍል የቤቱን መልክ ያበላሻል ብለው ነው?” አለች ሳቪትሪ። “በእንጨት አምሳያውን ሠርተን ጣራው ላይ አቁመን፣ ከመንገድ ማዶ አይተነዋል። የአሮጌ ቤቶችን መልክ የሚቆጣጠሩት ቅርስ ጠባቂዎችም ፈቅደዋል። ምንም አይታይም።”

ዩዶራ የፈራችው ሌላ ነው። ቱቦው ሲሄድ ወንድሟም አብሮ የሚሄድ መሰላት። “እስቲ ላስብበት” ልትል ስትል ዓይኗ ሴልዊን እጅ ላይ አረፈ። ጣቱ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት አጥልቋል። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጠረጴዛው! ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። አንጀቷን በላት። ብዕሩን እንደገና አንስታ ፈረመች።

“ምነው ቸኮልሽ?” አለ ሴልዊን።

“አንተን ማየት ሰልችቶኝ ነው።”

ሠራተኞቹ ቦይለሩን በመዶሻ ከስክሰው፣ ቁርጥራጩን በባልዲ አወጡት። ራዲያተሮቹን ለአራት እየተሸከሙ፣ እየተሳደቡ አወረዱ። የአዲሶቹን ማሽኖች የመዳብ መስመር በአሮጌው ጭስ ማውጫ ውስጥ አሳልፈው እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ነጭ ማሽን ሰቀሉ። በአምስተኛው ቀን ሁሉ ነገር አለቀ።

ቤቱ ሞቀ። ላይም ታችም እኩል ሞቀ። ዩዶራ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በብርድ ወራት መስኮቷን ዘጋች። በማግስቱ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ኮሽታ የለም። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ኮሽታ የለም። ስልክ አላት፤ ግን መጀመሪያ የደወለ ተሸነፈ። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁርሷን ሠርታ ሳትቀምሰው ተነሳች። ሰበብ ፈለገች። የማሽኑን ሪሞት አንስታ ባትሪዎቹን አወጣችና መሳቢያ ውስጥ ደበቀቻቸው። ከዚያ ባዶውን ሪሞት ይዛ ወደ ታች ወረደች።

ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ሴልዊን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለከልካል። አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሷል። ስድስት ዓመት ሙሉ ክንዱን አይታው አታውቅም ነበር።

“ምን ታደርጋለህ እዚህ?”

“ማሽንሽ ይሠራ እንደሆነ ላየው ብዬ ነዋ። አንቺስ?”

“ሪሞቱ እምቢ አለኝ።”

ተቀብሎ ከጀርባው ከፈተው። ባዶውን ቦታ አየና እሷን አየ። ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

“ምነው ተቀመጥክ ታዲያ?”

“ጉልበቴ ነዋ። ዛሬ እንኳ በርትቻለሁ። ትናንት እዚያ ድረስ ወጥቼ ተመለስኩ።” የታችኛውን መታጠፊያ በአገጩ አሳያት።

“ከትናንት ወዲያስ?”

“ከትናንት ወዲያ በሩን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።”

ደረጃው ላይ ማሽን አልተገጠመም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።

“እዚህማ ብርድ ነው” አለ።

“አውቃለሁ። ትንፋሽህን ሰብስብ፤ እንወጣለን። ቁርስ አለ።”

“ስንት ደረጃ ቀረው?”

“አሥራ አራት።”

“በይ ያዢኝ።”

ክንዱን ያዘችው። ይሞቅ ነበር።