የተክለ ማርያም ደርብ ቤት

ተክለ ማርያም ቤቱን ሊሸጥ ነው መባሉ ሲሰማ ደባርቅ ገበያ ላይ ያላማው ሰው አልነበረም። አያቱ ያሠሩት ደርብ ቤት እኮ ነው! ሽማግሌው ምፅዋ ድረስ በእግራቸው ወርደው የባሕሩን ዳር ቤቶች አይተው ሲመለሱ፣ ድንጋይ አስፈልጠው፣ ጥድና ወይራ አስጎትተው፣ ሰባት ዓመት የደከሙበት ነው። የላይኛው መስኮት ከገደሉ ማዶ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ያያል። ሰማይ ሲጠራ ባሕር ይታይበታል ይሉ ነበር አሉ። እስከ ዛሬ ያየ የለም፤ ቢሆንም የቤቱ ልጆች ሁሉ በየተራቸው እዚያ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው አድገዋል።

ታዲያ ለምን ይሸጣል? ለያርጋል ነዋ! አንድ ልጁ ነው። የብሔራዊ ውትድርና ዙር ደርሷል፤ ያርጋል ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ዙር ወደ ሰሜን የሄዱት የሰፈሩ ልጆች መርዷቸው እንጂ እነሱ አልተመለሱም። ለጊዜው ጊች በሚባል የተራራ መንደር አጎቱ ዘንድ ተሸሽጓል። ቤቱ ከተሸጠ ስንቅና መንገድ መሪ ተገኝቶ በመተማ በኩል ሱዳን ይሻገራል፤ ተክለ ማርያምና ሚስቱ ወለተ ጊዮርጊስ የመከሩት ይህንኑ ነው። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የሚሸጠው እንጨቱና ድንጋዩ ብቻ ነው። ገዢው አፍርሶ ይወስዳል።

የመጣው ገዢ መንግስቴ የሚባል የደባርቅ እህል ነጋዴ ነው። በአገሩ ወግ ገዢ ያንቋሽሻል፣ ሻጭ ያሞግሳል፤ በዚህ የሚቀየም የለም። መንግስቴም ወጉን አልሳተም። ምሰሶውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ምስጥ ጨርሶታል አለ። ፎቁ ላይ ወጥቶ በመስኮቱ እያየ፣ ባሕሩን ማን ወሰደባችሁ ብሎ ሳቀ። ተክለ ማርያም ይህን ሁሉ ቻለው። ሰውዬው ወርዶ ግድግዳውን በመዳፉ ጠፍጠፍ ሲያደርግ ግን ነገር መጣ።

«ይኼ እኮ ጭቃ ነው፣ አያ ተክለ ማርያም። ጣት ይበሳዋል» አለ መንግስቴ።

የተክለ ማርያም ደም ፈላ። ወለተ ጊዮርጊስ ዝም እንዲል ከጓዳ በር ላይ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። መደቡ ላይ የተነጠፈውን ቁርበት ገፎ፣ ከሥሩ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሸራቶ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበትን በድርብ ግድግዳው መሐል ያለውን ክፍተት አሳየው።

«ጣሊያን ሦስት አርበኛ ሰባት ቀን ፈልጎ ያጣበት ግድግዳ ነው። ጭቃ ትለዋለህ?»

አፉን በቆረጠው! መንግስቴ አንገቱን አስግጎ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ማንቋሸሹን ትቶ ነበር። እጅ ተማቱ፤ ገንዘቡን ቅዳሜ አመጣለሁ ብሎ ሄደ። ወለተ ጊዮርጊስ ባሏን ምላስህን ምን ነካው ብላ ወቀሰችው። ነጋዴ ነው፣ ጉድጓድ ምን ያደርግለታል አላት። ተክለ ማርያም፣ መንግስቴም ለውትድርና የደረሰ ልጅ እንዳለው ያውቅ ነበር። ማወቁንስ ያውቅ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ከአያቱ ግድግዳ በቀር ምንም አልታየውም።

ሐሙስ ለት ጊች የወታደር አሰሳ ገባባት። ያርጋል በገደል በገደሉ አምልጦ፣ እግሩ ደምቶ ቤት ገባ። እናቱ አጉርሳ፣ ጋቢ ደርባ ግድግዳው ውስጥ አስገባችው። ሁለት ቀን ነው፣ ቻለው አለችው።

ዓርብ ጠዋት አራት ታጣቂዎች መጡ። ፎቁ ላይ አልወጡ፣ ጎተራውን አላዩ። በቀጥታ ወደ መደቡ ሄደው ቁርበቱን ገፈፉ። ያርጋል ፀጉሩ አቧራ ለብሶ ወጣ፤ ሲያስሩት አልታገለም። አባቱን አየት አድርጎ፦

«አባ፣ ማን ነገራቸው?» አለ።

ወለተ ጊዮርጊስ መሬት ላይ ተደፍታ ስትጮህ ልጁን ወሰዱት። የዚያን ቀን ማታ የመንግስቴ ልጅ ስም ከውትድርናው ዝርዝር መውጣቱን ከተማው ሁሉ ሰማ።

ቅዳሜ መንግስቴ በቃሉ መጣ። እንዴት ያለ ዓይን ነው ይዞት የመጣው! ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ግባ ያለው የለም፣ እሱም አልገባም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ።

«ድንቅ ቤት ነው፣ አያ ተክለ ማርያም። እንጨቱም ደኅና ነው። ከተስማማነው ላይ ጨምሬ ነው የመጣሁት።»

ተክለ ማርያም ልጁ የወጣበት መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ድንጋዩ እንደተከፈተ ነው፤ የዘጋው የለም። እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ግድግዳውን ጠፍጠፍ አደረገ።

«ተው፣ አትጨምር» አለው። «ምን ቤት ነው ብለህ። ባሕር አይታይበት፣ ሰው አይደበቅበት። ያን ለት ልክ ነበርህ፤ ጭቃ ነው።»