አፖንዲ ያልረሳቻቸው ቃላት

አዶዮ እንግሊዝኛ ስታስተምር የኖረችው እሷ ራሷ በተማረችበት መንገድ ነበር። ቃሉን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ ልጆቹ ደብተራቸው እስኪሞላ ይገለብጡታል፣ ዓርብ ትፈትናቸዋለች፣ የተሳሳተውን መዳፉ ላይ አለንጋ ታቀምሰዋለች። ሰኞ ሲመለሱ የዓርቡ ቃል ድራሹ ጠፍቶ ይገኛል። እንግሊዝኛ ደግሞ አፍ ሌላ እጅ ሌላ የሆነበት ቋንቋ ነው፤ የማይነበብ ፊደል ቃሉ መሃል ገብቶ እንደ ባለርስት ይንፈላሰሳል። አዶዮ ግን ጥፋቱን በቋንቋውም በራሷም ላይ አላየችም። ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ብላ ደምድማ ነበር፤ የትኛው አስተማሪ ነው ሌላ የሚለው?

ዓይኗን የገለጠችላት ከኪሱሙ ከተማ የመጣች አንዲት ተመራማሪ ናት። ሴትየዋ ሰው እንዴት እንደሚያስታውስና ለመማር ምን እንደሚያተጋው የምታጠና ነበረች፤ አዶዮ በምትኖርበት ሐይቅ ዳር ያሉትን አስተማሪዎች ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰብስባ ሙሉ ቀን አወራቻቸው።

«ማስገልበጥ ይቅርባችሁ» አለች። «ሲገለብጡ እጃቸው ነው የሚሠራው፣ ጭንቅላታቸው ተኝቷል። ቃሉን አሳዩአቸው፣ ሸፍኑት፣ ከራሳቸው ፈልገው ያምጡት። በማግስቱ ጠይቁ። ሊረሱት ሲሉ እንደገና ጠይቁ። ከዚያ ሳምንት አሳልፋችሁ ጠይቁ። እየተጠራ የተመለሰ ነገር ነው ከሰው ጋር የሚቀረው።»

ከምሳ በኋላ ሁለተኛውን ነገር ጨመረች። «ልጅ የሚለፋው ነገ ከዛሬ እሻላለሁ ብሎ ሲያምን ነው። ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከትናንት ራሱ ጋር አስተያዩት። ይሄ በተርሙ መዝጊያ ቀን ወላጅ ፊት ደረጃ እየጠራችሁ ውራውን የምታቆሙት ነገር ደግሞ… እሱን ካልተዋችሁ የጠዋቱን ትምህርት ባትሞክሩት ይሻላል።»

አስተማሪዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በወተት የተፈላ ሻያቸውን ጠጡ፣ ቻፓቲ ቂጣቸውን በሉ፣ ወደየቤታቸው ሄዱ። የጠዋቱን ትምህርት ይዛ የገባች አዶዮ ብቻ ናት። የከሰዓቱንም ይዣለሁ ብላ ታስብ ነበር።

ይህን ያህል የተጋችው በአፖንዲ ምክንያት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። አፖንዲ አራተኛ ክፍል ነበረች፤ ወላጆቿ ሞተውባት አጎቷ ኦቡራ ዘንድ ታድጋለች። በየተርሙ መጨረሻ ውራ የምትወጣው እሷ ናት። ከጊዜ በኋላ የፈተና ወረቀቷን ባዶውን መመለስ ጀመረች። አዶዮ ለምን ብትላት «ባዶ ወረቀት አይሳሳትም፣ ቲቸር» አለቻት። በጥጋብ አይደለም የተናገረችው፤ አስባበት የደረሰችበትን ነው የነገረቻት። 

አጎትየው ጀልባ ያለው፣ ሳቁም ቁጣውም ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። አንድ ጠዋት አዶዮ ዓሣ ልትገዛ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ጠራት።

«አንቺ የአሴምቦ ልጅ!» አላት፤ ከአሴምቦ ተድራ ስለመጣች መንደሩ ሁሉ የሚጠራት እንዲህ ነው። «እዚያ ትምህርት ቤት ልጄን ምን እያደረጋችኋት ነው?»

«እያስተማርናት ነዋ፣ የኦዴሮ አባት» አለችው፣ በልጁ ስም እየጠራች።

«ካስተማራችኋትማ ጭራ ይዛ ለምን ትመጣለች? ባለፈው መዝጊያ ቀን ስሟ ሲጠራ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ጎኔን ጎሰም አደረገኝ። እኔን! ስሚ፣ አሁንም ውራ ከተባለች በማግስቱ ኦሜና ማስጫው ላይ ነው የምትውለው። ሚስቴም ሰው አጥሯታል።»

«አሁን አትባልም» አለች አዶዮ።

«አፍሽ ይባረክ። እናያለን።»

ኦሜና ጣት የማያህል ዓሣ ነው፤ አሸዋው ላይ መረብ ተዘርግቶለት በፀሐይ ይደርቃል። ማስጫው ላይ የዋለች ልጅ ወደ ክፍል ስትመለስ አዶዮ አይታ አታውቅም። እንዲያም ሆኖ አፏን ሞልታ ቃል ገባች፤ ዘዴውን ተማምና ነበር።

ከሱቅ የለመነችውን የሳሙና ካርቶን ቆራርጣ ቃላቱን ጻፈችበት። ልጆቹ አንዴ ያያሉ፣ በመዳፋቸው ይከድናሉ፣ ከራሳቸው አውጥተው ይጽፋሉ፣ ገልጠው ያርማሉ። አለንጋዋን ቁም ሣጥን ላይ ወረወረችው። መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉ ተንጫጫ፤ መገልበጥ የለመደ ልጅ አስብ ሲሉት እንደ በደል ነው የሚቆጥረው። አፖንዲ ደግሞ መዳፏን ካርቶኑ ላይ ጭና ዝም ብላ ትቀመጣለች።

«ምን ታየሽ?»

«ምንም።»

«እስቲ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ።»

«ከተሳሳትኩስ?»

«ትሳሳቻለሽ፣ ከዚያ ትገልጪና ታዪዋለሽ። ማንም አይነካሽም።»

አንድ ፊደል ጻፈች። ገለጠች። ልክ ነበረች። ካርቶኑን መልሳ ከደነችውና ሁለተኛውን ጻፈች፤ እሱን ሳተችው፣ አየችው፣ አረመችው፣ ማንም አልነካትም። እጇን ግን ለመመታት እንዳዘጋጀች ቆይታ ነበር። አዶዮ ይህን ስታይ ስንቱን ልጅ ስንት ዓመት እንዳስፈራራች ገባት፤ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ሆነ። አዶዮ ቧንቧው ጋ፣ በሩ ላይ፣ ሰልፍ ላይ ስታገኛት ድንገት በእንግሊዝኛ «ቢላዋ!» ትላታለች። አፖንዲ ጄሪካኗን አስቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ፊደሎቹን ትደረድራለች። አንዳንዴ ትስታለች። የሳተችውን ቃል አዶዮ ትተወውና ከቀናት በኋላ፣ ተረስቷል በተባለ ሰዓት ድንገት ትመልስባታለች። አንድ ቀን አዶዮ በትምህርት ቤቱ ጓሮ በኩል ወደ ቤቷ እየሄደች ሳለ ልጅቷ ከኋላዋ እየሮጠች መጣች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

«መጣልኝ፣ ቲቸር! ‘ጉሮሮ’ የሚለው! መንገድ ላይ ራሱ መጣልኝ!» ብላ አንድም ሳታስቀር ደረደረችው።

«በይ ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!»

«ግን እነዚህም እንደ ድሮዎቹ ጥለውኝ አይሄዱም?»

«ሊረሳሽ ሲል እየጠራሽ ከመለስሽው አይሄድም። ዕድሜ ልክሽን።»

«እውነት?»

«እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

መዝጊያው ሲቃረብ አዶዮ አስተማሪዎች ክፍል ቁጭ ብላ ውጤት ደመረች። አፖንዲ ከሃያው ቃል አስራ ሦስቱን በትክክል ጽፋለች። ባለፈው ሁለት ነበር ያገኘችው። አዶዮ ብቻዋን ፈገግ አለች። ከዚያ ስሞቹን እንደ ወትሮው ከላይ ወደ ታች በደረጃ ስትጽፍ፣ ወደ መጨረሻው ላይ እጇ ቀጥ አለ።

ክፍሉ በሙሉ ከፍ ብሏል። ዘዴው ለአፖንዲ ብቻ አልነበረም የተሰጠው፤ ለሁሉም ሠርቷል። ጎበዞቹ ሃያ ከሃያ ገብተዋል፣ መካከለኞቹ ጎበዝ ሆነዋል፣ አፖንዲ ከሁሉም ልቃ ተሻሽላ አሁንም ከሁሉም በታች ናት። አዶዮ ተርሙን ሙሉ እያንዳንዱን ልጅ ከትናንት ራሱ ጋር ስታስተያይ፣ ጎን ለጎን አቁማ አይታቸው አታውቅም። ለኦቡራ አትባልም ስትል ይሄ አልታያትም። 

ከአፖንዲ በላይ ያለው ኦሙጋ የሚባል ልጅ ነው፤ በአንድ ቃል ይበልጣታል። አዶዮ እስክሪብቶዋን አነሳች። ኦሙጋ ግን መንተባተቡን ትቶ ክፍል ውስጥ መናገር የጀመረው ገና በዚህ ተርም ነው። አፖንዲን ከፍ ብታደርጋት እዚያ ፊት የሚቆመው እሱ ይሆናል። እስክሪብቶዋን መልሳ አስቀመጠችው። ሐቀኝነት ይሁን ፈሪነት፣ እሷም ለይታ አላወቀችውም።

ተነሥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ ኦጎላ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ዘንድሮ ደረጃ መጥራቱ ቢቀርስ? ልጆቹ ምን ያህል እንደተሻሻሉ ብንናገር…»

«አዶዮ፣ ወላጅ ሥራ ፈትቶ የሚመጣው ለምንድነው? ሶዳ ሊጠጣ ነው?»

«እሺ፣ ውራውን ብቻ ይተዉልኝ። ለአንዲት ልጅ ብለው።»

«አንደኛ ካለ ውራ አለ፣ ምን ማድረግ ይቻላል? እኔ ራሴ ሦስተኛ ክፍል ውራ ወጥቼ ቆሜያለሁ። ይኸው ሞትኩ?» ሳቀና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። «ሐሳብሽን ግን እይዘዋለሁ።»

አንድ የቀራት ነገር ነበር፤ ኦቡራ ቤት ሄዶ ነገሩን አስቀድሞ ማስረዳት። አልሄደችም። አፈረች። አትባልም ብላው፣ ትባላለች ብላ እንዴት ትሂድ?

በመዝጊያው ቀን ወላጆች ማንጎ ዛፎቹ ሥር፣ ከፊሉ ወንበር ላይ ከፊሉ ሣር ላይ ተቀምጠዋል። አፖንዲ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ዩኒፎርሟን አጥባ ከፊት ተሰልፋለች። አስራ ሦስት ማግኘቷን አዶዮ ነግራታለች፤ ሌላውን አልነገረቻትም። ልጅቷ አንገቷን እያሰገገች አጎቷን በዓይኗ ትፈልግ ነበር።

ኦጎላ አንደኛ የወጡትን እየጠራ እርሳስ ሸለመ፣ ተጨበጨበ። አራተኛ ክፍል ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ እንደ ልማዱ ጠየቀ።

«ጭራውን የያዘው ማነው?»

ልጆቹም እንደ ልማዳቸው፣ እሱ ሳይጠራ በፊት፣ ባንድ ድምፅ «አፖንዲ!» ብለው ጮኹ። ኦሙጋም አብሮ ጮኸ።

ሳቅ ሆነ። አፖንዲ አልተንቀሳቀሰችም፤ የተሳሳቱ መስሏት ነበር። ዞር ብላ አዶዮን አየቻት። አዶዮ ብድግ አለች።

«አንድ ጊዜ ስሙኝ! ይህች ልጅ ከሁለት ተነሥታ አስራ ሦስት ገብታለች። ከዚህ ሁሉ ልጅ እንደ እሷ የተሻሻለ የለም!»

«እና ውራ አይደለችም?» አለ ከሣሩ ላይ አንዱ።

አዶዮ ዓይኗን ወደ ኦጎላ መለሰች።

«ንገሪን እንጂ፣ የአሴምቦ ልጅ!» ይሄኛው የኦቡራ ድምፅ ነበር። ተነሥቶ ቆሟል። «ናት ወይስ አይደለችም?»

«ናት፤ ግን የኦዴሮ አባት…»

«በቃ፣ በቃ።»

ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፍቶ ሄደ። አፖንዲ ወደ ፊት ወጣች፣ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ ቆመች፣ ሰው ስቆ እስኪበቃው ጠበቀች። አላለቀሰችም። 

በሚቀጥለው ተርም የአፖንዲ ወንበር ባዶ ሆነ። አዶዮ ኦቡራ ቤት ሄደች፤ በወግ ተቀበሏት፣ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ ኡጋሊ አቀረቡላት። ልመናዋን ስትጀምር ኦቡራ እጁን እየታጠበ «ያመንኩት እኮ አንቺን ነው» አላት። ያን ቀን አልጮኸም። ባዶ እጇን ተመለሰች።

ዝናቡ አልፎ ሐይቁ ሲረጋ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ማስጫው ወረደች። አፖንዲ ጎንበስ ብላ ኦሜናውን መረቡ ላይ ትበትናለች። እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ቅርፊት ለብሷል።

«ውራ! ነይ ቅርጫቱን ተቀበዪ!» አለ ከጀልባ ላይ አንዱ። ሄዳ ተቀበለች። ሌላው ደግሞ ሲያልፍ «ውራዬ፣ እንዴት አደርሽ?» አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ስሟ ሆኗል።

«አፖንዲ» አለች አዶዮ። ልጅቷ ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባት።

«ቲቸር። ደኅና አደሩ?»

 አዶዮ የድሮውን ጥያቄ አመጣች፤ በእንግሊዝኛ «ቢላዋ» አለቻት። አፖንዲ ሥራዋን ሳታቆም፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ፊደሎቹን ደረደረች። አዶዮ ሌላ ጠራች፣ ሌላም ጠራች። አፖንዲ ፈተናው ላይ የሳተቻቸውን ሳይቀር አንድም አልሳተችም።

«ሁሉንም ይዘሻቸዋል እኮ!» አለች አዶዮ። «ተመለሺ፣ የኔ ልጅ። አጎትሽ እግር ላይ እወድቃለሁ። እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

«አልመለስም።»

«ለምን? ታውቂያለሽ እኮ!»

«እርስዎ ነዎት የነገሩኝ» አለች አፖንዲ፣ ያለ ቁጣ። «ሊረሳሽ ሲል እየተጠራ የተመለሰ ነገር አይሄድም አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ ቃላቱ አልሄዱም። ያ የመዝጊያ ቀንም አልሄደም። ልረሳው ስል አንዱ ይጠራኛል። ጠዋት ጀልባ ሲገባ ይጠሩኛል፣ ገበያ ስወጣ ይጠሩኛል።» ከጣቷ ላይ ቅርፊት አራገፈች። «መርሻውንስ አያውቁም፣ ቲቸር?»

ከኪሱሙ የመጣችው ሴት ስለ መርሻው የነገረቻቸው ነገር አልነበረም። 

«ውራ!» ብሎ ተጣራ አንዱ ከውኃው ዳር።

«አቤት!» አለች አፖንዲ፣ ቅርጫቷንም አንሥታ ሄደች።