ወይን ጠጇ ነጥብ

ሞተሯን ሳል የጀመራት በተገዛች በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ እንደ አጫሽ ሽማግሌ እህህ እህህ ትልና ትነሳለች። ቀጥሎ ዳገት ላይ ሆነ። ከዚያማ ሜዳውም ላይ፣ ቁልቁለቱም ላይ፣ መብራት ይዟት ስትቆምም ሆነ። ከሆዷ በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ ነገር ኳ ኳ ይላል፤ ሰው ቆልፈውበት ክፈቱልኝ የሚል ነው የሚመስለው።

ባለቤቷ ዳቦ አመላላሽ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ዳቦው» ይለዋል፤ ሚስቱ እንኳ በስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። ስንት ዘመን በብስክሌት ሲያመላልስ ኖሮ ጉልበቱ ሊወልቅ ምንም አልቀረው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ጠራውና «ስማ፣ ማዶ ያሉትን ሱቆች ልሰጥህ እፈልጋለሁ። ግን በዚች ብስክሌት እዚያ እስክትደርስ ዳቦውም ይደርቃል፣ አንተም ትደርቃለህ። ሞተር ግዛና ና» አለው። ባልና ሚስት ተማከሩ፣ ያላቸውን አራግፈው ያገለገለ ሞተር ለመግዛት ተስማሙ።

ዳቦው ስለ ሞተር የሚያውቀው ሁለት ጎማ እንዳለው ነው። ግን ምን ቸገረው? ጆሮ አለለታ!

ጆሮ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፣ መካኒክ። ጆሮ የተባለው ሞተር ሳይፈታ በሽታውን ስለሚናገር ነው። የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትንሽ ቆይቶ «ሦስተኛ ማርሽ» ይላል። ይፈታል፤ እውነትም ሦስተኛ ማርሽ!

ሌላም ጠባይ አለው። አንዴ አንድ ቡሎን ማጥበቅ ረስቶ ደንበኛው ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ያጠበቀው ቡሎን ሁሉ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጋል፤ ነጥብ የሌለው ቡሎን ገና አልጠበቀም ማለት ነው። ቀለሙን የምትሰጠው ጸጉር ቤት የምትሠራው እህቱ፣ የዳቦው ሚስት ናት። የአሁኑ ብልቃጥ ወይን ጠጅ ሆኖ ብልጭልጭ ያለበት ነው። ደንበኞቿ «ምነው፣ የሰርግ መኪና ልታደርጊን ነው?» ብለው እምቢ ስላሉ ለሱ ደረሰው። ጓደኞቹ ይሳለቁበታል። እሱ ግን «እናንተ ሳቁ፣ የኔ ቡሎን አይወልቅም» ይላል።

እንግዲህ ሁለቱ ተያይዘው አሮጌ ሞተር ከሚሸጠው ሰውዬ ግቢ ሄዱ። ሞተሮቹ በረድፍ ተገትረዋል፣ ሁሉም ታጥበው እንደ ሚዜ ያበራሉ። ዳቦው ዓይኑ አንዷ ቀይ ላይ አረፈ። ነካት፤ ትሞቃለች።

«ጠዋት ሌላ ደንበኛ ሲሞክራት ነበር» አለ ሻጩ። «አሁን ይመለሳል፣ ከፈለግህ ቶሎ በል።»

ዳቦው ወደ ጆሮ ዞረ። ጆሮ ያን ዕለት ዝምታ አብዝቷል። ሻጩ ሲያስነሳት ካቻቪቴውን አወጣ፣ ተንበረከከ፣ አዳመጠ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ሻጩ ደግሞ ሞተሯን ትቶ የሚያየው ጆሮን ነው።

«እንዴት ናት?» አለ ዳቦው።

«ይሄ ሞተር አይደለም፣ ልብ ነው» አለ ጆሮ፣ ካቻቪቴውን እየጠረገ።

«እውነትህን ነው?»

«እህቴ ትሙት!»

«ኧረ በሕግ አምላክ፣ ሚስቴን አትግደልብኝ!» አለ ዳቦው። ሦስቱም ሳቁ። ሻጩ ግን ሳቁን ከሁሉም በኋላ ነው የጨረሰው።

ሳሉ ሲጀምር ዳቦው ጆሮ ጋ ደወለ። «ትለምዳለች፣ አዲስ ቤት እኮ ነው የገባችው» አለው። ኳኳታው ሲጀምር ደግሞ ደወለ። «የዳቦው ክብደት ነው፣ አማችዬ። እመጣለሁ። ብቻ ሌላ ሰው እንዳይነካት፤ እነዚህ ቀጣፊዎች ደህናውን አውጥተው አሮጌ ይገጥሙብሃል።» ዳቦው በሆዱ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አለ። ጆሮ ግን ዛሬ ነገ እያለ ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት ማዶ ያለው ዳገት መሃል ላይ ሞተሯ አንዴ ጮኸችና ዝም። ማስነሻዋን እግሩ እስኪዝል መታ፣ ምንም የለም። ዳቦ እንደጫነች እየገፋት ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለ ጋራዥ ደረሰ። ሱቆቹ ደጋግመው ደወሉ፤ በኋላ መደወላቸውንም ተዉት። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ግን ደወለ፤ «እስከ ሰኞ ነው የምታገሥህ፤ ሰው አላጣም» ብሎ ዘጋው።

የጋራዡ መካኒክ ወፍራም፣ ወሬኛ ሰው ነው። የቀኙን ክዳን ሲፈታ ማር የመሰለ ዘይት ዝልግልግ ብሎ ወረደ።

«ይሄንን ማነው የሞላልህ? ይሄ ዘይት አይደለም፣ አፍ መለጎሚያ ነው። ኳኳታዋን ለመደበቅ ነው።» መብራቱን አስጠጋ። «አየህ፣ ፍሪሲዮኑን የያዘው ብረት ተሰንጥቋል። በማጣበቂያ ለጥፈውታል! ብረት በሙጫ! ሞተሯን ሊሸጡ እንጂ ሊነዷት አይደለም። ግን የሚገርምህ፣ የገጠማት ሰው ጠንቃቃ ነው። እያንዳንዷ ቡሎን ላይ ምልክት አድርጓል። ተመልከት።»

ዳቦው ጎንበስ አለ።

አራት ቡሎን። አራት ነጥብ። ወይን ጠጅ፣ ብልጭልጭ ያለበት።

«ምነው ፊትህ? ውሃ ላምጣልህ?»

«አንዷን ፍታልኝና ስጠኝ» አለ ዳቦው። መካኒኩ በቦታው ሌላ ቡሎን አስገባና እንደምንም ጠጋግኖ አስነሳት። «ቀስ ካልክ ቤትህ ታደርስህ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አላውቅልህም።»

ቤቱ ግን አልሄደም። መንገዱን ሙሉ ለጆሮ ሰበብ ይፈልግለታል። ሌላ መካኒክ ይሆናላ። በዓለም ላይ ወይን ጠጅ ቀለም የገዛችው ሚስቴ ብቻ ናት እንዴ? እያለ ሻጩ ግቢ ደረሰ።

ሻጩ ቡሎኗን አገላብጦ አየና መለሰለት። አልደነገጠም፣ ጭራሽ ፈገግ አለ።

«ታዲያ የገጠማትም እሱ፣ አይቶ ያጸደቀልህም እሱ። አማችህ አይደል? ከዚህ በላይ ዋስትና እኔ ከየት ላምጣልህ?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ዳቦውን የጣለው ፈረስ ግን ሞተሯ አልነበረችም። ግቢው በር ላይ ቆሞ እንዴት እንደሚሄድ ጠፋው። ከሁሉም የከነከነው ያ ተንበርክኮ ማዳመጡ ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ምን ነበር የሚያዳምጠው?

ለሚስቱ ምንም አልነገራትም። ጆሮን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ምን ብሎ ይጀምራል?

ጆሮ እሁድ እሁድ ምሳ የሚበላው እህቱ ቤት ነው። እንደ ወትሮው እያፏጨ ገባ። «እትዬ፣ ሽታው ከመንገድ ጠራኝ! አማችዬ፣ ልጅቷስ እንዴት ናት?»

«ና እስኪ፣ አዳምጥልኝ» አለ ዳቦው።

ግቢ ወጡ። ዳቦው በስንት ምት አስነሳት። ኳ ኳ ኳ። ጆሮ ካቻቪቴውን አውጥቶ ተንበረከከ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ዳቦው በልቡ «ተናገር፣ እባክህ ራስህ ተናገረው» ይላል።

«ዘይቷ ነው» አለ ጆሮ ሲነሳ። «እንቀይርላታለን።»

«ሌላ የለም?»

«ሌላ ምንም የለም።»

ዳቦው ሞተሯን አጠፋ። ከኪሱ ቡሎኗን አውጥቶ መቀመጫዋ ላይ አስቀመጣት።

ሚስቱ ጭልፋ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። መጣችና አነሳቻት። «ይሄ የኔ ቀለም አይደል? የት ነው ያገኘኸው?»

«ሆዷ ውስጥ» አለ ዳቦው። «ገና ሳንገዛት የተደረገ ነው።»

እሷ ቡሎኗን አየች፣ ወንድሟን አየች። ጆሮ መሬት መሬት ያያል።

«ለአንተ ብዬ አልገጠምኳትም» አለ በመጨረሻ። «ማንም ይግዛት ብዬ ነው የገጠምኳት። አንተ ስትመጣ ከዚያ ሁሉ መሃል እሷን መረጥክ። ሰውዬው አፍጥጦ ያየኛል፤ የሱ ሥራ ከቀረብኝ ምን እሆናለሁ?»

«ቆይ» አለች እህቱ። «አንተ ሳትምል አታወራም። ያን ቀን ማን ይሙት ብለህ ነው የማልክለት?»

ጆሮ ካቻቪቴውን ይጠርግ ጀመር።

ወደ ባሏ ዞረች። በስሙ ጠራችው። «ንገረኝ!»

«ተይው በቃ» አለ ዳቦው። አፍጥጣ ስታየው ግን «አንቺን» አለ።

«እኔን።» ራሷን ነቀነቀች። «እሺ፣ ታዲያ ሞቻለኋ። የሞተ ሰው ደግሞ ምሳ አያቀርብም።» ቡሎኗን በጭልፋው ውስጥ ጣል አድርጋ ገባች። ትንሽ ቆይቶ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ስታነሳ ተሰማ።

«ነገ እፈታትና እንደ አዲስ አድርጌ እሠራታለሁ» አለ ጆሮ። «በነጻ። እውነቴን ነው፣ እህቴ ት...»

አፉ ላይ ቀረ።

«እሺ» አለ ዳቦው። «ሠርተህ ስትጨርስስ? ማንን ጠርቼ ላስደምጣት?»

ጆሮ ካቻቪቴውን ያዝ ለቀቅ አደረገና ኪሱ ከተተው። የግቢው በር ተዘጋ። ዳቦው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ብስክሌት አውርዶ ጎማውን ይነፋ ጀመር።